ቃሉና ዜማው፦ አንጎል ስሜትን እንዴት ያነባል?

"እናት"፣ "ሞት"፣ "ጠረጴዛ"። ሦስቱም ቃላት ናቸው፤ አንጎል ግን እኩል አያስተናግዳቸውም። ስሜት ያዘለ ቃል ትኩረትን ቶሎ ይስባል፣ ቶሎም አይረሳም። ይህ ዳሰሳ ስለ ስሜት ቃላት፣ ስለ ድምፅ ቃናና ስለ ፊት ገጽታ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከጎንደር ናቸው፤ ዓመቶቹ ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር።

የጥናቱ ታሪክ ከፓሪስ ይጀምራል። በ1861 ሐኪሙ ፖል ብሮካ ቢሴትር ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሕመምተኛ ተመለከተ። ሰውየው የሚባለውን ይሰማል። ምንም ቢጠየቅ ግን መልሱ "ታን፣ ታን" ብቻ ነው። ስሙም "ታን" ሆኖ ቀረ። ሲናደድ ግን ሌላ ሰው ነው፤ የፈጣሪን ስም ጠርቶ ጥርት ያለ እርግማን ያወርዳል። ሲሞት አንጎሉ ተመረመረ። የተጎዳው በግራ በኩል ያለው የፊተኛው ክፍል ነበር፤ ቦታው ዛሬም በብሮካ ስም ይጠራል። ታሪኩን የሚያወሩ ብዙዎች "ንግግር በግራ ነው" ብለው እዚህ ላይ ያቆማሉ። እርግማኑን ይረሱታል።

ያልረሳው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን ነው። መናገር ያቃታቸው ሕመምተኞች ሲቆጡ ስድብ እንደሚያመልጣቸው አስተዋለ። ታስቦ የሚነገርና ሳይታሰብ የሚወጣ ንግግር አንድ አይደሉም አለ። የእኛ "ወይኔ!"፣ "እግዚኦ!"፣ "ኧረ ጉድ!" ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ስትሮክ መትቷቸው የልጃቸውን ስም መጥራት ያቃታቸው አባት "እግዚኦ!" ሲሉ ጥርት ብሎ ሊወጣላቸው ይችላል። በ1874 ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒከ ንግግርን የመረዳቱን ቦታ፣ እሱንም በግራ በኩል፣ ጨመረበት።

ቃሉ በግራ ከሆነ ዜማው፣ ማለትም የድምፁ ቃና፣ በአብዛኛው በቀኝ ነው። በ1979 ሐኪሞቹ ኤሊዮት ሮስና ማርሴል ሜሱላም የቀኝ አንጎላቸው የተጎዳ ሁለት ሰዎችን ጉዳይ አሳተሙ። አንዷ መምህርት ነበረች። ንግግሯ ምንም አልጎደለም፤ ድምፅዋ ግን ቁጣን መሸከም አቃተው። ተማሪዎቿ መቆጣቷን ስለማያውቁ እንደ ልብ ይረብሹ ጀመር።

ይህን ለጎንደር ሰው ማስረዳት ብዙ አይከብድም። መንገድ ላይ ሆነህ ከሩቅ ድምፅ ትሰማለህ። ቃሉ ገና አልደረሰህም፤ ሰርግ ይሁን ለቅሶ ግን አውቀሃል። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ መጀመሪያ እንባ የሚያመጣው ግጥሙ ሳይሆን የድምፅዋ መንቀጥቀጥ ነው። ግጥሙ ቀጥሎ ይደርስና ያባብሰዋል። ቀረርቶና ሽለላም እንዲሁ፤ ቃሉን ያልሰማ ሰው ራሱ ጸጉሩ ይቆማል። ጎንደር አጠገብ ያለችው የቡርቧክስ መንደር አዝማሪዎች ደግሞ በመሰንቆ እያለቀሱ በቃል ይቀልዳሉ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ተራ ችሎታ አይደለም። ሰሙን ትቶ ወርቁን የሚያነጥረው የቀኙ አንጎል ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ የማይስማሙም አሉ።

በሁለቱም ጆሮ በኩል፣ በአንጎል ጥልቅ ክፍል፣ አሚግዳላ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ክፍሎች አሉ። ቅርጻቸው የአልሞንድ ፍሬ ይመስላል። አስፈሪ ወይም አስደሳች ነገር ሲመጣ ሌላውን የአንጎል ክፍል ያነቃሉ። በ1994 በወጣ ጥናት ሁለቱም አሚግዳላዎቿ የጠፉባት አንዲት ሴት ከሰው ፊት ላይ ፍርሃትን ማንበብ አቅቷት ተገኘች። በ2005 ምክንያቱ ጠራ፦ የሰው ፊት ስታይ ዓይኑን አትመለከትም። "ዓይኑን ተመልከቺ" ስትባል ፍርሃቱን ለየች። "ዓይን አይዋሽም" የምንለው ለካ በከንቱ አይደለም።

ፊትን በተመለከተ ዳርዊን በ1872 መጽሐፍ ጽፏል። በኋላ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ኤክማን ደስታ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ መጸየፍና መገረም በሁሉም ሕዝብ ፊት አንድ ዓይነት ናቸው አለ። ሊሳ ፌልድማን ባሬት የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ይህን ይቃወማሉ፤ ባህልና ሁኔታ ይወስነዋል ይላሉ። እኔ ወደ እነሱ አደላለሁ። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ የምትስቅ ሴት መሳቋን በፎቶ ብቻ መለየት ይከብዳል።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ ስሜት ያዘለ ቃል ከታየ ከ200 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ የአንጎል ሞገድ ከተራው ቃል ይለያል።

የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። በ2003 በታተመ ጥናት እንግሊዝኛን በኋላ የተማሩ ቱርኮች የልጅነት ቁጣን፣ "አታፍርም!" እንደምንለው ያለውን፣ በቱርክኛ ሲሰሙ ቆዳቸው ላይ የሚለካው ምላሽ በእንግሊዝኛ ከሰሙት ይበልጥ ነበር።

ይህ ለጎንደር ቀጥተኛ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ታሠለጥናለች። ያኔ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነበር፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እኛ አንጋፋው እንለዋለን። ተማሪው ጭንቀትን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ከደምቢያ የመጡት እናት ግን "ጭንቀት አለብኝ" አይሉም። "ሆዴን ባር ባር ይለኛል" ይላሉ። ወይም "አንጀቴ ተንሰፈሰፈ"፣ "ሆዴ ባሰው"። አማርኛ ስሜትን ሆድና አንጀት ውስጥ ያስቀምጣል፤ ያልለመደ ተማሪ የጨጓራ መድኃኒት ሊያዝ ምንም አይቀረው። አማርኛ አፉን የፈታበት ተማሪ ግን አረፍተ ነገሩ ሳያልቅ የራሱም ሆድ ባር ባር ይለዋል። ካርዱ ላይ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው።