በጎጃም የመሬት ክርክር የእግድ ትእዛዝ መጣሱን ስለ ማስረዳት

በመሬት ክርክር እግድ ማለት ፍርድ ቤት ዋናውን ጉዳይ እስኪወስን ድረስ ተከራካሪው ማሳውን እንዳያርስ፣ እንዳያጥር፣ ቤት እንዳይሠራበት ወይም ለሌላ እንዳያስተላልፍ የሚሰጠው ጊዜያዊ ትእዛዝ ነው። መነሻው በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 እና ተከታዮቹ ናቸው። ነገሩ ለጎጃም ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ ወሰኑ የተገፋበት ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ባላጋራውን ከነበሬው ማቆም የቆየ ልማድ ነው። ልዩነቱ የዛሬው እግድ በወረቀት የሚሰጥ መሆኑ ነው፤ ክርክሩም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚሁ ወረቀት ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 449 ፍርድ ቤትን የደፈረ ሰው እስከ አንድ ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 3,000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ድንጋጌው በግልጽ የሚጠቅሰው በችሎት ሂደት ዳኛን መስደብን፣ ማፌዝን፣ ማስፈራራትንና በሌላ መንገድ የፍርድ ቤቱን ሥራ ማወክን ስለሆነ፣ ከችሎት ርቆ ማሳ ላይ የተፈጸመ የእግድ ጥሰት በመጨረሻው ሐረግ ይሸፈናል ወይስ አይሸፈንም የሚለው የሕግ ባለሙያዎችን ያከራክራል። ያም ሆነ ይህ፣ እስራት ሊያስከትል በሚችል ጉዳይ ማስረዳቱ «እግዱ ተጥሷል» የሚለው አመልካች ሸክም ነው፤ ጥርጣሬው የሚጠቅመውም ተከሳሹን ነው።

አመልካቹ በቅድሚያ የሚያስረዳው ትእዛዙ ለባላጋራው መድረሱንና የደረሰበትን ቀን ነው። ሐምሌ 10 የተሰጠ ትእዛዝ ሐምሌ 14 ከደረሰው፣ ሐምሌ 12 ጤፍ የዘራ ሰው ትእዛዝ ጥሷል ለማለት አይቻልም። ስለዚህ ትእዛዙን ያደረሰው ሰው ምስክርነት፣ የተቀባዩ ፊርማ፣ አልፈርምም ካለም እምቢ ሲል የነበሩ ሰዎች ቃል ከማናቸውም የማሳ ፎቶግራፍ ይበልጣል። ግልባጩ ለቀበሌው አስተዳደርና ለፖሊስ መጻፉ ብቻውን ባላጋራው አውቋል አያሰኝም፤ ብዙ አመልካች የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ወሰኑ ነው። በመጀመሪያው ዙር የመሬት ምዝገባ የተሰጠው የይዞታ ደብተር ካርታ ስለሌለውና ማሳውን በአዋሳኞች ስም ስለሚለይ፣ ተከሳሹ «ያረስሁት የራሴን ነው፣ የታገደው ከቦዩ ወዲያ ነው» ሊል ይችላል። የእግዱ ትእዛዝ አዋሳኞቹን በአራቱም አቅጣጫ ካልጠቀሰ ይህን መልስ ማስተባበል አስቸጋሪ ነው፤ የወረዳው መሬት አስተዳደር ባለሙያ የሚለካበትና የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ አባላት ወሰኑን የሚያሳዩበት ምክንያትም ይኸው ነው። ኋላ በካርታ የተመዘገቡ ይዞታዎች ይህን ችግር በእጅጉ አቅለውታል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የተከሳሹን ሐሳብ ማስረዳት ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት የሚያስቀጣው ሕጉ ይህን በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ስለሆነ፣ ጥሰቱ ሆን ተብሎ መፈጸሙ መታየት አለበት። ማሳው ላይ የተገኘው የታገደው ሰው ራሱ ሳይሆን ልጁ ወይም እኩል አራሹ ከሆነ ደግሞ ማን እንደላከው የግድ ይጠየቃል። በሬውና ዘሩ የማን እንደሆነ፣ አራሹ ማንን እንደሚታዘዝ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው። ጎረቤት ግን ነገ በደቦ አብሮት የሚያርሰውን ሰው ለማስቀጣት ችሎት መቆም ይከብደዋል፤ ሕግ አዋቂዎች ይህን የማኅበራዊ ኑሮ ሸክም አሳንሰው ያዩታል ብዬ አስባለሁ።

ጊዜውም ራሱ እንቅፋት ነው። የክረምቱ እርሻና ዘር ከፊሉ የሚፈጸመው ከፍርድ ቤቶች የእረፍት ወራት ጋር ገጥሞ ስለሆነ፣ አስቸኳይ አቤቱታ የሚታየው በተረኛ ችሎት ነው። አመልካቹ መደበኛውን ችሎት ከጠበቀ ቡቃያው አድጎ የእርሻው ምልክት ይጠፋል፤ ማን መቼ እንዳረሰም በምስክር ቃል ብቻ የሚያዝ ይሆናል። ጥፋተኛው ቢቀጣም እንኳ ቅጣቱ ሰብሉን ለአመልካቹ አይሰጠውም፤ የምርቱና የኪሣራው ጥያቄ ከዋናው የይዞታ ክርክር ጋር አብሮ ይሄዳል።