በመኪና አደጋ ለሞተ ሰው የሚጠየቅ ካሳ ምንድን ነው?

የሟች ሠልስት ሳይወጣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ከሚነሡ ጥያቄዎች የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ «ሹፌሩ ተይዟል ወይ?» የሚል ነው። ብዙም ሳይቆይ ከመኪናው ባለንብረት የተላኩ ሽማግሌዎች ድንኳኑ ውስጥ ገብተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ለእርቅ እንደመጡ ይናገራሉ። በዚያ ሰዓት ሐዘንተኛው ቤተሰብ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን እንደ አንድ ነገር ይሰማቸዋል። አንደኛው አሽከርካሪው ይቀጣል ወይ የሚለው ሲሆን ሁለተኛው ሟች ሲያሳድጋቸው የነበሩትን ልጆች ከእንግዲህ ማን ያሳድጋቸዋል የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ሁለቱን ጉዳዮች በሁለት የተለያዩ መንገዶች ይመልሳቸዋል፤ ካሳ የሚባለው የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነው።

ቸልተኝነት የሚለው ቃል በዋናነት የሚመዘነው በወንጀሉ መዝገብ ላይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59 እንደሚገልጸው፣ አንድ ሰው ድርጊቱ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል እያወቀ አይደርስም ብሎ በመገመት ወይም ማወቅ ሲገባውና ሲችል ሳያስብ ቢያደርገው በቸልተኝነት ፈጽሟል ይባላል። ስለዚህ ለመግደል ያላሰበ ሹፌርም ይጠየቃል። አንቀጽ 543 ሹፌርን እንደ ሐኪም ሁሉ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ካለባቸው ሰዎች ጋር ይመድበዋል። በመሆኑም እንዲህ ያለው ሰው በቸልተኝነት ሲገድል ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራትና የገንዘብ መቀጮ ነው። የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም አሽከርካሪው ግልጽ የሆነን ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ ወይም በመጠጥና በመሳሰለው ራሱን ካሰከረ፣ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል። መቀጮው የሚገባው ለመንግሥት ነው፤ ከእርሱ ለሟች ልጆች የሚደርስ አንድም ብር የለም።

ካሳውን የሚወስነው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገረው ክፍሉ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን ይክሳል የሚለውን አጠቃላይ ደንብ በአንቀጽ 2028 ያስቀምጣል። ለመኪና ግን ከዚህ የጠነከረ ደንብ አለው፤ ብዙ ቤተሰቦች የማያውቁት ይህንን ነው። በአንቀጽ 2081 መሠረት የሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ይሆናል፤ ያሽከረከረው ሰው እንዲያሽከረክር ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳን ኃላፊነቱ አይቀርም። ነጻ የሚሆነው መኪናው ጉዳቱን ባደረሰበት ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ሲያስረዳ ነው። አንቀጽ 2086 ደግሞ ባለንብረቱ «እኔ አላጠፋሁም»፣ «የአደጋው ምክንያት አይታወቅም»፣ «ልከላከለው የምችለው ነገር አልነበረም» ወይም «ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው» በማለት ኃላፊነቱን ከራሱ ላይ ማውረድ እንደማይችል ይደነግጋል። ከስርቆቱ ሌላ የሚያድነው ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በራሱ በተጎጂው ጥፋት የደረሰ መሆኑ ብቻ ነው።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ልግለጽ። አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሎት በመንገድ ዳር ቆሞ የነበረን ሰው ገደለ እንበል። ሹፌሩ መኪናውን በየጊዜው ያስመረመረ፣ ፍጥነቱንም የጠበቀ ቢሆን በወንጀል ነጻ ሊወጣ ይችላል። የሟች ሚስት ግን በባለንብረቱ ላይ ለምታቀርበው የካሳ ክስ የማንንም ቸልተኝነት ማስረዳት አያስፈልጋትም፤ የምታስረዳው መኪናው የእርሱ መሆኑን፣ ሞቱን ያደረሰውም ያ መኪና መሆኑን ነው። በዚህ ላይ አንቀጽ 2149 በወንጀል በነጻ መሰናበት የፍትሐ ብሔሩን ዳኛ እንደማያስገድደው በግልጽ ይናገራል። የማውቃት አንዲት እናት ሹፌሩ በማስረጃ እጥረት የተሰናበተ ዕለት «አለቀ በቃ» ብላ ወረቀቶቿን ሁሉ ሣጥን ውስጥ ቆልፋባቸው ነበር። ሣጥኑን ያስከፈታት በሰፈራችን ይኖሩ የነበሩ ጡረተኛ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ናቸው፤ ያን ጊዜ ለይርጋው፣ ማለትም ክስ ለማቅረብ ሕግ ለወሰነው የጊዜ ገደብ፣ የቀራት አራት ወር ብቻ ነበር።

ካሳ የመጠየቅ መብት ያላቸውን ሰዎች አንቀጽ 2095 በስም ይዘረዝራቸዋል። እነርሱም የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወደ ላይ የሚቆጠሩ ወላጆቹና ወደ ታች የሚቆጠሩ ተወላጆቹ ናቸው። ወንድምና እህት በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ታላቅ ወንድም ታናናሾቹን አስተምሮ በሚያሳድግበት አገር ይህ ከባድ ክፍተት ነው፤ ሊታረም ይገባዋል ብዬም አምናለሁ። በሌላ በኩል ያው አንቀጽ አንድ ትልቅ ደግነት አለው። ጠያቂው በአደጋው ጊዜ ከሟች ቀለብ ይቀበል ያልነበረ ቢሆንም እንኳ ካሳው ይገባዋል ይላል። ዩኒቨርሲቲ ሳይጨርስ የሞተ ልጅ ወላጆች «ልጃችሁ ገና አልረዳችሁም ነበር» ተብለው ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ የሚያደርጋቸው ይህ ንዑስ አንቀጽ ነው።

ሕጉ ካሳው በቀለብ መልክ እንዲከፈል ይናገራል፤ በችሎት ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ሆኖ ይፈረዳል። ስሌቱ የሚጀምረው ከሟች ገቢ ነው። ዕድሜው 35 የነበረ፣ በወር 9,000 ብር የሚያገኝ አናጺ ቢሞትና ለራሱ የሚያወጣው ሲሶው ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ ለቤተሰቡ የሚተርፈው በወር 6,000 ብር፣ በዓመት 72,000 ብር ይሆናል። እስከ 60 ዓመቱ ይሠራ ነበር ከተባለ የ25 ዓመቱ ድምር 1,800,000 ብር ይመጣል። ይህ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ለልጆች የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ አካለ መጠን እስኪያደርሱ ነው፣ የወላጆች ዕድሜም ይታያል፣ ዳኛውም ትክክለኛው ልክ ሊታወቅ በማይችልበት ጊዜ በአንቀጽ 2102 በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ ነው ብሎ ባመነበት መጠን፣ ይወስናል። ደመወዝተኛ ላልነበረ ሰው ገቢውን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ከላይ ያነሣኋት እናት የሟች ባለቤቷን ገቢ ካስረዳችባቸው ነገሮች አንዱ የዕቁብ ደብተር ነበር። ጸሐፊው ጠርዙ ያለቀ ባለ መስመር ደብተሩን ይዞ ችሎት ቀርቦ፣ ሟች ስንት ሳምንት ሳያቋርጥ ስንት ብር እንደጣለ በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ዳኛዋም ደብተሩን አስቀርበው ገጹን በራሳቸው ዓይን ተመለከቱት።

ለሐዘኑ ራሱ የሚከፈለው የሕሊና ጉዳት ካሳ ይባላል። የዚህ ጣሪያ በአንቀጽ 2116 መሠረት አንድ ሺህ ብር ነው። ቁጥሩ በ1952 ዓ.ም. ሲጻፍ ክብደት ነበረው፤ ዛሬ ግን ድንኳን ለመከራየት እንኳ አይበቃም። ልጇን የቀበረች እናት ይህ ቁጥር በፍርዱ ላይ ተጽፎ ሲነበብላት ከሐዘኑ በላይ ውርደት ይሰማታል፤ ሕግ አውጪው ያለ ተጨማሪ መዘግየት ሊያነሣው የሚገባ ጣሪያ ነው።

ባለንብረቱ በአብዛኛው የሚያነሣው መከላከያ ሟች እግረኛ ከሆነ ከዜብራ ውጭ ተሻገረ፣ ድንገት ዘሎ ገባ የሚል ነው። ይህ ከተረጋገጠ ካሳው እንደ ጥፋቱ መጠን ይቀነሳል እንጂ ወዲያውኑ አይጠፋም። ሁለት መኪናዎች ሲጋጩ ደግሞ አንቀጽ 2084 ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ አደጋው በሙሉ ወይም በዋናነት በአንደኛው ሹፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ግምቱ ይፈርሳል። ለዚህ ሁሉ ዋናው ማስረጃ ትራፊክ ፖሊሱ በቦታው የሚያነሣው የአደጋ ፕላን ነው፤ በሜትር የተለካው የጎማ ጭረት፣ ሟች የወደቀበት ነጥብ፣ ከአስፋልቱ ጠርዝ ያለው ርቀት በዚያ አንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ጭረቱ በአንድ ዝናብ ይጠፋልና ቤተሰቡ የፕላኑን ግልባጭ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው በሌሎች ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባ ኢንሹራንስ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 በማንኛውም ባለንብረት ላይ የተጣለ ግዴታ ነው። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የሚከፈለው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከፍ ተደርጓል። ቤተሰቡ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር መድን ድርጅቱ የሚከፍለው ገንዘብ የካሳው መጨረሻ አለመሆኑ ነው፤ ከጣሪያው በላይ ያለውን ባለንብረቱ ከኪሱ ይከፍላል። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ካልታወቀ፣ ወይም መድን ያልገባ ከሆነ፣ በአዋጁ የተቋቋመው የመድን ፈንድ ለሞትና ለአካል ጉዳት ይክሳል። ባለንብረቱን ለመለየት ሊብሬው፣ ማለትም የመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ ይታያል፤ ነገር ግን ስሙ ሳይዛወር የተሸጠ መኪና ብዙ ስለሆነ፣ በሊብሬው ላይ ስሙ ያለውንም በእጁ የያዘውንም አንድ ላይ መክሰስ ይመከራል።

ወደ ሽማግሌዎቹ ስንመለስ፣ እርቅ የቆየና የተከበረ ሥርዓታችን ነው፤ ደም ለማድረቅ ያለውን ኃይል ፍርድ ቤት ሊተካው አይችልም። በእርቁ ላይ የሚፈረመው ወረቀት ግን በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። «ከእንግዲህ በምንም ነገር አልጠይቅም» የሚል ዐረፍተ ነገር በቀብር ሳምንት የተፈረመ ቢሆንም ነገ በችሎት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። የልጆቹ መብት የራሳቸው እንጂ የአጎታቸው ወይም የመንደሩ ስላልሆነ፣ ለቀብር ማስፈጸሚያ የተሰጠው ገንዘብ ለቀብር ማስፈጸሚያ መሆኑ ብቻ በወረቀቱ ላይ ተለይቶ ቢጻፍ ይሻላል።

ለዳኝነት የሚከፈል ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል። የካሳ ክስ መቅረብ ያለበት በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ጊዜ ለካሳውም ያገለግላል፤ ሆኖም ድርጊቱ ወንጀል ነው አይደለም የሚለው ራሱ ክርክር ሊነሣበት ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ከሳሽ የሚቆጥረው ሁለቱን ዓመት ነው፤ መቁጠር የሚጀምረውም የወንጀሉ መዝገብ ከተዘጋበት ሳይሆን አደጋው ከደረሰበት ቀን ነው።