ዝርያ ምንድን ነው? (ቀለም አይደለም!)

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ፍቅር ሐይቅ ዳር ያነሳውን ፎቶ ለጥፎ «ሐዋሳ ላይ ሦስት ዝርያ የውሃ ተርብ አገኘሁ፣ ቀይ፣ ወይንጠጅ እና ቢጫ» ብሏል፣ ሰውም ላይኩን ያዘንብለታል። ወንድሜ፣ እርግጠኛ የምንሆነው በሁለቱ ብቻ ነው። ቢጫዋን ማን ዝርያ አደረጋት?

እርግጥ ቃሉም ራሱ ያሳስታል፣ ቁንጮ ጤፍንም «ዝርያ» እንላለን፣ ግን እሱ ያው ጤፍ ነው። እኔ የማወራው ስለሌላኛው ነው፣ እርስ በርሱ እየተራባ ዘሩን ስለሚቀጥለው።

የሐዋሳን ባጃጆች አስባቸው፣ ሁሉም ሰማያዊ ናቸው፣ ቲቪኤሱንም ባጃጁንም «ባጃጅ» ብለን ነው የምንጠራው፣ መካኒክ ግን ቀለሙን ትቶ ሞተሩን ነው የሚያየው። ገና ያልተቀባ ባጃጅ ደግሞ ሌላ ሞዴል አይደለም፣ አልተቀባም እንጂ። የውሃ ተርብም እንደዛው ነው፣ ወጣቱ ወንድ ቢጫ ቡናማ ሆኖ ሴቷን ይመስላል፣ ቀለሙ ሲጎለምስ ነው የሚመጣው። ቀዩ በሳይንሳዊ ስሙ ትሪቴሚስ አርቴሪዮሳ ነው፣ ሆዱ ቀጭን፣ ጫፉ ጋ ጥቁር (ጅራት የምትሉት ሆዱ ነው በነገራችን ላይ)። ወይንጠጁ ትሪቴሚስ አኑላታ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ፣ በቀዩ ላይ አመድ የመሰለ ሰማያዊ ሰም ይወጣበትና ወይንጠጅ ይመስላል፣ በጣትህ ብታሸው ይለቃል! በጣት የሚለቅ ነገር ነው እንግዲህ ዝርያ የሚባለው? የሁለቱም ክንፍ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ቀይ ናቸው፣ የሁለቱም እግር ጥቁር ነው፣ ለዛም ነው የሚያምታቱት።

ባጃጅ አይወልድም፣ ምሳሌዬ እዚህ ጋ ይበላሻል። ወንዱ በሆዱ ጫፍ ባሉት መቆንጠጫዎች የሴቷን ጭንቅላት ከኋላ ይይዛል፣ የመቆንጠጫው ቅርጽ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፣ እኛም በሌንስ የምናየው እሱን ነው። አንዳንዴ ወንዱ ራሱ ተሳስቶ የሌላ ዝርያ ሴት ይይዛል፣ እና ተያይዘው ስላየሃቸው ብቻ አንድ ናቸው ማለት አይደለም። ደግሞ ደርቆ በመርፌ የተሰካ የውሃ ተርብ ቀለሙ ይጠፋል፣ ቀለም ዝርያ ቢሆን ኖሮ ሳጥን ሙሉ ተርብ አንድ ዝርያ በሆነ ነበር።

ቢጫዋ የማን ናት ካልከኝ ግን ከዛ ፎቶ አልነግርህም፣ ከላይ ነው ያነሳሃት፣ ሴት ትሁን ወጣት ወንድ እንኳን አይታይም። ሁለተኛ ስታገኛት ከጎን፣ ጠጋ ብለህ አንሳት።