ከጂዳ ድሬ እስኪደርስ ብሩን ማን ይቆርጠዋል? ስለ ሐዋላ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድሬ ላይ ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ገርበብ ይላል፣ በርጫ ይጀመራል። በርጫ ላይ ደግሞ መፍትሔ የማይገኝለት የዓለም ችግር የለም። ባለፈው ሰሞን ወሬው ሐዋላ ነበር። ከተቀመጥነው ሰባት ሰዎች አምስታችን ከውጭ የሚልክልን ዘመድ አለን፤ የእኔ እህት ጂዳ ናት፣ የአንዱ ወንድም ቶሮንቶ፣ የሌላው አጎት ጅቡቲ። ብዙ ተባለ፣ ግማሹ ስህተት ነበር። ከእኔ አፍ የወጣም አለበት።

"ኮሚሽን የለውም፣ በነፃ ነው"

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ገንዘብ አስተላላፊው ትርፍ የሚያገኝባቸው ሁለት በሮች አሉት። አንደኛው በግልጽ የሚነግርህ የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሁለተኛው ምንዛሪው ውስጥ ተደብቋል፣ ደረሰኝ ላይም "ክፍያ" ተብሎ አይጻፍም።

ለምሳሌ ያህል የዕለቱ ተመን 1 ዶላር በ150 ብር ነው እንበል። አንዱ "ዜሮ ኮሚሽን" ብሎ በ144 ብር ያሰላልሃል። 200 ዶላር ስትልክ 30,000 ብር መድረስ ሲገባው 28,800 ይደርሳል። 1,200 ብር ሄደች ማለት ነው፣ 4 በመቶ። ሌላው ደግሞ 3 ዶላር ኮሚሽን አስከፍሎህ በ149 ብር ያሰላል። እዚህ የምታጣው ኮሚሽኑንም ምንዛሪውንም ደምረህ 650 ብር ነው። "ነፃ" የተባለው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው!

ስለዚህ "ኮሚሽኑ ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። ከእህቴ ኪስ ስንት ወጥቶ እናቴ እጅ ስንት ብር ገባ? ጥያቄው እሱ ነው። የዓለም ባንክም ዋጋ ሲያወዳድር ሁለቱንም ደምሮ ነው፤ በእሱ ስሌት 200 ዶላር ለመላክ በዓለም አማካዩ ከ6 በመቶ በላይ ነው፣ ከሰሃራ በታች ወዳለው አፍሪካ ሲሆን ደግሞ 8 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2030 ከ3 በመቶ በታች ይሁን ብሎ ግብ አስቀምጧል። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የቡድን 8 አገራት ጣሊያን ላይ ተሰብስበው ከ10 በመቶ ወደ 5 በመቶ በአምስት ዓመት እናወርዳለን ብለው ነበር። እንዲህ ያለው ቃል እንደ ድሬ ደመና ነው፣ ብዙ ጊዜ ሳይዘንብ ያልፋል።

"ባንክ ስለሆነ ርካሽ ነው"

አስተማማኝ ነው በለኝ፣ እስማማለሁ። ርካሽ ግን አይደለም። ሰው ከሚኖርበት አገር ባንክ ሄዶ መላክ በዓለም ደረጃ ከሁሉም ውዱ መንገድ ነው። በሞባይልና በአፕ የሚላከው በአብዛኛው ይረክሳል፤ ቅርንጫፍ የለው፣ ገንዘብ ቆጣሪ የለው።

"ጥቁር ገበያ ሁልጊዜ ያዋጣል"

አንድ ሰሞን እውነት ነበር፣ መዋሸት አልፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት፣ ባንክ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሰጥ ውጭ እጥፍ ያህል ይከፈል ነበር። ልጅ በፀሐይና በጭቅጭቅ ሠርታ ያመጣችውን ገንዘብ በግማሽ ዋጋ ባንክ አስገቢ ማለት ያስቸግራል። ዛሬ ልዩነቱ ጨርሶ አልጠፋም፣ ግን እንደዚያን ጊዜ እጥፍ አይደለም። አደጋው ግን እንዳለ ነው።

አክስቴ ደርሶባታል። ልጇ ለአንድ "የታመነ" ሰው ሪያሉን እዚያ ሰጠች፣ እዚህ ብሩን የሚሰጠው ሰውዬ መጀመሪያ "ነገ" አለ፣ ከዚያ "ሰኞ" አለ፣ ከዚያ ስልኩን አጠፋ። ማንን ትክሰስ? ደረሰኝ የለ፣ ቁጥር የለ፣ ያለው የድምፅ መልእክት ብቻ። አክስቴ እስከ ዛሬ ከፊራ ገበያ ውስጥ እሱን የሚመስል ሰው ባየች ቁጥር ትከተላለች።

ብዙ ሰው ደግሞ ዶላሩ በዚህ መንገድ አገር ቤት የሚገባ ይመስለዋል። አይገባም። ዶላሩ እዚያው ይቀራል፤ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ይከፍልበታል፣ እዚህ ካለ ሰው ኪስ ደግሞ ብር ብቻ ይወጣል። መድኃኒትና ነዳጅ የሚገዛበት ዶላር ጠፋ እያልን የምናማርረው እኛው ነን።

ግን ደግሞ ፍትሐዊ እንሁን። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌላት ልጅ ሳውዲ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ላኪ ብትባል በምን መታወቂያዋ? ብትፈልግም አትችልም። የመላኪያ ዋጋ ይቀንስ ሲባል ሁሉም ስለ ኮሚሽን ያወራል፣ ስለዚህች ልጅ ወረቀት የሚያወራ ግን ጥቂት ነው።

"አሜሪካ ከሁሉም ሐዋላ ታክስ ትቆርጣለች"

ከሁሉም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ 1 በመቶ ታክስ አለ፣ ግን የሚመለከተው በጥሬ ገንዘብና በመሳሰለው ከፍሎ የሚልከውን ነው። እዚያ ካለ የባንክ ሒሳቡ ወይም በአሜሪካ ካርድ የሚልከውን አይነካውም። አሜሪካ ያለ ዘመድ ካለህ ንገረው፣ አለቀ።

"የሐዋላ ብር ተበልቶ ያልቃል፣ ልማት አይሆንም"

ይሄን የሚሉት ብዙ ጊዜ የሚልክላቸው ሰው የሌላቸው ናቸው። ዓለም አቀፉ የግብርና ልማት ፈንድ እንደሚለው ከሚላከው ገንዘብ 75 በመቶ ያህሉ ለምግብ፣ ለሕክምና፣ ለትምህርትና ለቤት ነው የሚውለው። እሺ፣ ተበላ። የእናቴ የስኳር መድኃኒት ተበላ? የታናሽ ወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ ተበላ? ፋብሪካ ካልቆመበት ልማት አይደለም ያለው ማነው?

በሌላ በኩል "መንግሥት ሰብስቦ መንገድ ይሥራበት" የሚልም አለ። ወንድሜ፣ ብሩ የሰው ነው! ላኪው ፈቅዶ ሲያዋጣ ሌላ ነገር ነው፤ ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ የገዛ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በተጀመረው የዲያስፖራ ትረስት ፈንድ "በቀን አንድ ዶላር" ያዋጣ አለ። ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ "ሦስት ለአንድ" የሚባል ፕሮግራም ነበር። አሜሪካ ያሉ የአንድ መንደር ልጆች ተሰብስበው አንድ ፔሶ ሲያዋጡ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ክልሉና ፌዴራሉ መንግሥት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ይጨምራሉ። የምወደው ምን እንደሚሠራ ሐሳቡን የሚያመጡት የመንደሩ ልጆች መሆናቸውን ነው፤ ውኃ ይሁን፣ መንገድ ይሁን።

ለቤተሰብ ደግሞ ከዕቁብ የተሻለ ነገር አላየሁም። ሳቢያን የምትኖር ጓደኛዬ ወንድሟ ከሚልከው ላይ ለቤት ወጪ ሳታውል በፊት ዕቁቧን ትጥላለች። ዕጣው ሲደርሳት ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛች፣ አሁን ለሦስት ምግብ ቤት እንጀራ ታቀርባለች። ወንድሟም መላክ አላቆመም፣ ግን "ብር አለቀ" የሚል ስልክ አይደወልለትም።

"በትንሽ በትንሹ መላክ ይሻላል"

ክፍያው በአንድ ጊዜ 20 ሪያል ነው እንበል። 500 ሪያል ብትልክ 4 በመቶ ሄደ፣ 1,000 ብትልክ 2 በመቶ። ክፍያው ቋሚ ሲሆን አጠራቅሞ መላክ ይሻላል።

ይሄንን ለእህቴ በድምፅ መልእክት ላኩላት። ገብቷታል፣ በየሁለት ወሩ አድርጋ ልትልክ ተስማማች። እናቴ ግን አልተስማማችም። "እንዲህ አድርጋችሁ 20 ሪያል አተረፋችሁ እንበል" አለችኝ ሆጃዋን እየቀዳች፣ "እኔ ደግሞ ሁለተኛውን ወር ከባለሱቁ በዱቤ ልበላ ነው? እሱ ስንት በመቶ እንደሚጨምር አስልተሃል?"

አላሰላሁም ነበር።