ቁጥሬን ሰጠሁ ማለት ሽጡት አልኩ ማለት ነው?

ደብረ ማርቆስ ፍሪጅ ስገዛ «ለዋስትናው ነው» ብለው ስሜንና ስልኬን በባለ መስመር ደብተር ጻፉ። ሳምንት ሳይሞላ ከማላውቃቸው ነጋዴዎች የማስታወቂያ መልእክት ይጎርፍብኝ ጀመር። ፍሪጁን የሸጡልኝን ስጠይቅ «ቁጥሩን የሰጠሽን አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 «ፈቃድ» የሚለው፣ ተለይቶ ለተነገረን ዓላማ አውቀንና ወደን የሰጠነውን ነው። ለዋስትና የሰጠሁት ለዋስትና ብቻ ነው። የሰጡትን ፈቃድ መልሶ ማንሳትም ይቻላል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

«በነጋዴና በደንበኛ መሀል መንግሥት ምን አገባው?» የሚሉ አሉ። እኔ ያገባዋል ባይ ነኝ። ቡሬ ገበያ ጤፍ ስሸጥ ገዢው ፊቴ ቆሞ፣ እፍኝ ዘግኖ አይቶ እንከራከራለን። ቁጥሬ ሲሸጥ ግን ገበያው የት እንደቆመ እንኳ አላይም።