ጉም ነው ደመና?

ክረምት ላይ ደሴ ፒያሳ ቆማችሁ ወደ ጦሳ ቀና በሉ። ተራራው ነጭ ነጠላ ተከናንቧል። እናንተ “ደመና ነው” ትላላችሁ። እዚያው ላይ በግ የሚጠብቀው ልጅ ደግሞ “ኧረ ጉም ነው” ይላችኋል። ሁላችሁም ልክ ናችሁ!

ነገሩ አንድ ነው። እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ እንፋሎቱ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ይሆናል። መሬት ነክቶ እይታን ከ1 ኪሎ ሜትር በታች ካወረደ በሜትሮሎጂ ሕግ ጉም ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው የሐረጎ መንገድ ላይ ሹፌሮች በቀን መብራት የሚያበሩት ደመና ውስጥ ስለገቡ ነው።

ለፎቶ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስልካችሁ ነጩን ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ያጠቁረዋል። ጉሙ አመድ መስሎ ቁጭ! ስክሪኑን ነካ አድርጋችሁ ብርሃኑን ትንሽ ጨምሩ። ደግሞ አትቸኩሉ፤ ጉሙ ሳሳ ብሎ የባሕር ዛፎቹ ጫፍ ብቅ ሲል ነው ማንሳት።