ስኒውን ልቀቁላቸው፦ ስለ ትንሹ አንጎል የሰለቹኝ አባባሎች

ደሴ ውስጥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ከሥራው ይልቅ የሚያደክመኝ የአስታማሚ ክርክር ነው። በተለይ ከማጅራት ከፍ ብሎ ያለው ትንሹ አንጎል፣ ማለትም ሴሬቤለም፣ ሲጎዳ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ይሆናል።

«ትንሽ ነው፣ ቢጎዳም ቀላል ነው።» በመጠን የአንጎል አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። ግን ከ86 ቢሊዮን ገደማ የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት 69 ቢሊዮን ያህሉ እዚያ ናቸው።

«እጅና እግሩ ካልዛለ ስትሮክ አይደለም።» ነው እንጂ! ጉልበት እያለ ድንገት ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ያንገዳግዳል። ሰውየውን «ጠጥቶ ነው» ብላችሁ አታስተኙት። ቶሎ ሆስፒታል ውሰዱት።

«ሥራው ሚዛን መጠበቅ ብቻ ነው።» እ.ኤ.አ. በ1998 ሽማህማንና ሸርማን የተባሉ ተመራማሪዎች እዚህ ቦታ ላይ የተጎዱ ሰዎች ማቀድ፣ ቃል ማግኘትና ስሜትን መግዛት እንደሚቸግራቸው ጻፉ። አንድ የኮምቦልቻ ባለሱቅ እናት እርምጃቸው ተስተካክሎ የሂሳቡ ቅደም ተከተል ይጠፋባቸው ነበር። ልጆቻቸው አመል መስሏቸው ተቆጧቸው።

አሁን ደሜን የሚያፈላው፦ «እንዳይሳሳቱ እኛ እንያዝላቸው።»

እጅ ወደ ስኒ ሲዘረጋ ትንሹ አንጎል የሚሆነውን ቀድሞ ይገምታል። ግምቱ ሲስት ከአንጎል ግንድ የሚነሳ ነርቭ ፐርኪንጄ ለሚባሉት ሕዋሳት የስህተት ምልክት ይልካል። ያን ጊዜ ሥራ ላይ የነበሩት የነርቭ ግንኙነቶች ይላላሉ፣ ቀጣዩ ሙከራ ይታረማል። እ.ኤ.አ. በ1969 ተመራማሪው ዴቪድ ማር ግንኙነቱ ይጠነክራል ብሎ ነበር፤ በ1971 ሌላው ተመራማሪ ጄምስ አልበስ የለም፣ ይላላል አለ። በ1982 ጃፓናዊው ማሳኦ ኢቶና ባልደረቦቹ መላላቱን በሙከራ አሳዩ። ስህተት ከሌለ ምልክት የለም፤ ምልክት ከሌለ ምኑ ይማራል? ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ መንዳት የለመደ ልጅ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ አባቱ መሪውን ቢይዝለት መቼ ይለምዳል?

አንዲት የሸዋበር ልጅ አባቷን ቡና የምታጠጣው ራሷ ነበረች። «ጋሼ ሰው ፊት ሲደፉ አላስችል ይለኛል» አለችኝ። ይድፉ! ቡናው ይቅርና ውሃ በፕላስቲክ ኩባያ፣ ግማሽ ድረስ ቅጂላቸው አልኳት። ከዚያ እጅሽን ሰብስበሽ አጠገባቸው ተቀመጪ።

ስህተት ስል መውደቅ ማለቴ አይደለም። ሲራመዱ አንድ ሰው ከጎን ይሁን፣ ግድግዳ ይቅረብ፣ ግቢው ደረቅ ይሁን። የደሴን ዳገት ለኋላ አቆዩት። አጭር ልምምድ፣ ግን በየቀኑ። የሚማረው ክፍል ራሱ ስለተጎዳ ለውጡ ይዘገያል፣ ድግግሞሹም ይበዛል። በሳምንቱ «አልሠራም» ብላችሁ አትምጡብኝ።

አልኮልም ይቅር፤ ይህንኑ ክፍል ነው የሚጎዳው። «ጠላ ምግብ ነው» የምትሉኝ፣ ጠላም አልኮል ነው።